የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውኃው መብቃቱን በምን ያውቃል?

ከላይ የሚከፈት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ልብስ ከጨመርን በኋላ አንድ ውሳኔ ይጠብቀናል። በመቆጣጠሪያው ገበታ ላይ «ዝቅተኛ»፣ «መካከለኛ» እና «ከፍተኛ» የሚል ምልክት ያለበት ማዞሪያ አለ። ብዙ ሰው ሳያመነታ «ከፍተኛ» የሚለውን ይመርጣል፤ ውኃ በበዛ ቁጥር ልብስ ይጠራል ተብሎ ይታመናልና። ውኃ መቆጠብ የፈለገ ሰው ደግሞ ገንዳውን በልብስ አጭቆ ማዞሪያውን «ዝቅተኛ» ላይ ያደርገዋል። ሁለቱም ዋጋ ይከፍላሉ። የመጀመሪያው ውኃና ኃይል ያባክናል፤ ሁለተኛው ልብሱንና ማሽኑን ይጎዳል።

በዚህ ጽሑፍ ትክክለኛው የውኃ ከፍታ የትኛው እንደ ሆነ፣ ማሽኑም ያንን ከፍታ በምን ዘዴ እንደሚለካ እንመለከታለን። ለጥናታችን የመረጥናቸው በአሜሪካ ከ1940ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በብዛት የተሠሩትን፣ በመካከላቸው መናጫ የቆመባቸውን ማሽኖች ነው። እነዚህ ማሽኖች ኮምፒውተር የላቸውም። ሥራቸው ሁሉ አንባብያን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሚያውቋቸው ሕጎች ይገለጻል፤ የፈሳሽ ግፊት፣ የቦይል ሕግ፣ የሙቀት መጠንና የብጥብጥ መቅጠን በአንድ ገንዳ ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ።

ከመስመር ወደ ማብሪያ

በመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ማጠቢያዎች ውኃ የሚሞላው ሰው ራሱ ነበር። መቀመጫውን በአዮዋ ግዛት ያደረገው ሜይታግ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1922 መናጫው ከገንዳው ሥር የተተከለበትን ማሽን ለገበያ አቀረበ። እንዲህ ባሉት ማሽኖች የሚጠቀም ሰው በገንዳው ግድግዳ ላይ ወደ ተመለከተው መስመር እስኪደርስ ውኃ ይጨምራል፤ መስመሩ ላይ ሲደርስ ያቆማል። መለኪያው ዓይን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1937 ቤንዲክስ የተባለው ኩባንያ ራሱ የሚሞላ፣ ራሱ የሚያጥብና ራሱ የሚጨምቅ ከፊት የሚከፈት ማሽን ለሕዝብ አሳየ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ እና በኋላ ዊርልፑል በሚል ስም የታወቀው ኩባንያ ከላይ የሚከፈቱ አውቶማቲክ ማሽኖችን አወጡ። ሰው ከገንዳው አጠገብ ሲርቅ ግን አንድ አዲስ ችግር ተፈጠረ። ዓይን የሌለው ማሽን ውኃው መብቃቱን በምን ይወቅ? መሐንዲሶቹ ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ሰጡ፤ አንዱ ሰዓት፣ ሌላው ግፊት ነው። ሁለቱን ከመመርመራችን በፊት ግን «በቃ» የሚባለው ውኃ የቱ እንደ ሆነ መወሰን ይኖርብናል።

ውኃ በገንዳው ውስጥ ምን ይሠራል?

በሳፋ ልብስ ያጠበ ሰው መልሱን በእጁ ያውቀዋል። ሳፋው በልብስ ከታጨቀ ጨርቁ ስለማይንቀሳቀስ እጅ የሚያሸው የላይኛውን ብቻ ነው። ውኃው ከመጠን በላይ ከሆነ ደግሞ ልብሱ ይንሳፈፋል፤ ሳሙናውም ይቀጥናል።

በማሽኑ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። መናጫው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተመላለሰ ሲዞር ክንፎቹ ውኃውንና ልብሱን ከገንዳው ሥር ወደ ውጭ ይገፋሉ። የተገፋው ልብስ በግድግዳው በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ወደ መካከል ይመለሳል፤ ከዚያም መናጫውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልብስ ከላይ ወደ ታች፣ ከታችም ወደ ላይ እየተገላበጠ ይዞራል። ቆሻሻን የሚያላቅቀው ይህ ዑደት ከሳሙናው ጋር ተባብሮ ነው።

ውኃው ሲያንስ ዑደቱ ይቆማል። ሥር ያለው ልብስ ከመናጫው ጋር እየታሸ ይበላል፤ ከላይ ያለው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ሞተሩም በፈሳሽ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሳይሆን የተጨመቀ ክምር ስለሚጎትት ከተሠራበት በላይ ይጫናል፤ ይሞቃል። ውኃው ከመጠን በላይ ሲሆን ልብሱ ይዞራል፤ ነገር ግን እርስ በርሱ የሚተሻሸው ይቀንሳል። 100 ግራም የዱቄት ሳሙና በ43 ሊትር ውኃ ውስጥ በሊትር 2.3 ግራም ገደማ ይሆናል፤ በ71 ሊትር ውስጥ ግን 1.4 ግራም ብቻ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው ከፍታ አንድ የተወሰነ ቁጥር አይደለም። ልብሱ ሁሉ ከረጠበ በኋላ በነፃነት መገላበጥ የሚችልበት ዝቅተኛው ከፍታ ነው። ይህንን ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። ቀለሙ ከሌላው የተለየና ቀለም የማይለቅ አንድ ጨርቅ ከላይ እናኑርና ማሽኑ ሲናጥ እንመልከት። ጨርቁ በመናጫው በኩል ከሰመጠና ከጥቂት ጊዜ በኋላ በግድግዳው በኩል ብቅ ካለ ውኃው በቂ ነው። ካልሰመጠ ውኃው አንሷል፤ ወይም ልብሱ በዝቷል። ክዳኑ ሲከፈት የሚቆም ማሽን ከሆነ በየተወሰነ ጊዜ ከፍቶ የጨርቁን ቦታ ማየት ይበቃል። በማናቸውም ጊዜ ግን መናጫው እየተንቀሳቀሰ ሳለ እጅ ወደ ገንዳው መግባት የለበትም።

ግፊት እንደ ማስመሪያ

አሁን ወደ መለኪያው እንመለስ። በገንዳው ሥር በኩል አፉ ወደ ውኃው የተከፈተ ትንሽ የአየር ክፍል አለ። ከዚህ ክፍል አናት አንድ ቀጭን ቱቦ ተነሥቶ እስከ መቆጣጠሪያው ገበታ ይወጣል፤ ጫፉም ከግፊት ማብሪያው ጋር ይገናኛል። ውኃው የአየር ክፍሉን አፍ ሲዘጋው በውስጡ ያለው አየር መውጫ ያጣል። ከዚያ በኋላ ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር የታፈነው አየር ይጨመቃል። ግፊቱም በቱቦው በኩል ደርሶ በማብሪያው ውስጥ ያለውን ስስ የጎማ ሽፋን ይገፋል። የሽፋኑ ሌላ ገጽ ለከባቢ አየር ክፍት ስለሆነ ማብሪያው የሚለካው የሁለቱን ግፊቶች ልዩነት ነው።

ይህ ልዩነት የሚገኘው ከታወቀው ቀመር ነው፤ ግፊት የውኃው እፍግታ፣ የስበት ፍጥነት ለውጥና የጥልቀት ብዜት ነው። ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፦

1,000 × 9.8 × 0.30 = 2,940 ፓስካል

ይህ በባሕር ወለል ላይ ካለው የከባቢ አየር ግፊት 3 በመቶ ገደማ ነው። ግፊቱ አነስተኛ ቢሆንም ሰፊ ገጽ ያለውን ሽፋን ለመግፋት ይበቃል። ሽፋኑን ከወዲያ በኩል የሚቋቋመው ስፕሪንግ ነው። ማዞሪያውን ወደ «ከፍተኛ» ስናዞር የምናደርገው ነገር ስፕሪንጉን ይበልጥ ማጥበቅ ብቻ ነው፤ ስፕሪንጉ በጠበቀ መጠን ለማሸነፍ ተጨማሪ ጥልቀት ያስፈልጋል። ግፊቱ ስፕሪንጉን ሲያሸንፍ ማብሪያው በቅጽበት ይገለበጣል፤ የውኃ ማስገቢያው ቫልቭ ይዘጋል፤ ማጠብ ይጀመራል።

ማብሪያው ወደ ቀድሞ ቦታው የሚመለሰው ውኃው ከተዘጋበት ከፍታ በተወሰነ መጠን ዝቅ ሲል ነው። ይህ ክፍተት ባይኖር ኖሮ ውኃው በተናወጠ ቁጥር ቫልቩ ሲከፈትና ሲዘጋ በዋለ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ዐቢይ ነገር አለ። ማሽኑ የሚያውቀው ጥልቀትን ብቻ ነው። በገንዳው ውስጥ አንድ ሸሚዝ ይኑር ወይም አሥር ብርድ ልብስ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ለእርሱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ልብሱን የሚያየው ሰው ነው፤ ማዞሪያውም ለሰው የተተወው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍታ ቦታ ላይ መለኪያው ይሳሳታልን?

አንድ ተማሪ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ «ማሽኑ የተሠራው በዝቅተኛ አገር ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ግፊት 76,000 ፓስካል ያህል ብቻ ነው። ታዲያ መለኪያው አይዛባም?» ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱንም ማስላት እንችላለን።

የአየር ክፍሉ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱም ከላይ እስከ ታች እኩል ነው እንበል፤ የቱቦውን ይዘት አነስተኛ ስለሆነ እንተወው። በቦይል ሕግ መሠረት የታፈነው አየር 2,940 ፓስካል ሲጨመርበት ይዘቱ ይቀንሳል፤ በቀነሰው ልክ ውኃው ወደ ክፍሉ ይገባል።

በባሕር ወለል፦ 10 × 2,940 ÷ 104,240 = 0.28 ሴንቲ ሜትር
በአዲስ አበባ፦ 10 × 2,940 ÷ 78,940 = 0.37 ሴንቲ ሜትር

ግፊቱን የሚወስነው ከክፍሉ ውጭ ባለው ውኃና በክፍሉ ውስጥ በገባው ውኃ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ማብሪያው እንዲገለበጥ ገንዳው በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ መሞላት አለበት። የገንዳው ዲያሜትር 55 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት 2.4 ሊትር ያህል ይይዛል። ስሕተቱ እንግዲህ ሩብ ሊትር፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ውኃ ነው።

በአንጻሩ የውኃውን ሙቀት እንመልከት። በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የውኃ እፍግታ ወደ 983 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ይወርዳል። ያንኑ 2,940 ፓስካል ለማግኘት 30.5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያስፈልጋል፤ ይህም ወደ 1.2 ሊትር ተጨማሪ ውኃ ነው። የሙቅ ውኃ ተጽዕኖ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ተጽዕኖ አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ግን ልብሱን የሚያሳስቡት አይደሉም። ንድፉ የተሳካ የሆነው የግፊት ልዩነትን እንጂ ጠቅላላ ግፊትን ስለማይለካ ነው።

በሰዓት የሚሞሉ ማሽኖች

ሁለተኛው መልስ ሰዓት ነበር። በዚህ ዘዴ ቫልቩ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይከፈታል፤ ጊዜው ሲያልቅ ይዘጋል። የውኃው መጠን የፍሰቱና የጊዜው ብዜት ስለሆነ ፍሰቱ የተረጋጋ መሆን አለበት። ለዚህም በቫልቩ ውስጥ መካከሉ የተበሳ ጎማ ይደረጋል። የቧንቧው ግፊት ሲጨምር ጎማው ተጨምቆ ቀዳዳው ይጠብባል፤ ሲቀንስ ይሰፋል፤ ፍሰቱም በመጠኑ እኩል ይሆናል።

የቧንቧው ግፊት በጣም ሲወርድ ግን ጎማው ሊረዳ አይችልም። ሰዓቱ ውኃ መጣ አልመጣ ሳይጠይቅ ይቆጥራል፤ ጊዜው ሲያልቅ ማሽኑ ግማሹ ባልሞላ ገንዳ ውስጥ መናጥ ይጀምራል። በግፊት የሚሠራው ማሽን ግን ውኃው መሃል ላይ ቢቋረጥ ሰዓቱን አቁሞ ይጠብቃል። ውኃ በየጊዜው በሚቋረጥበት አካባቢ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ከአሜሪካ ማሽን ለሚያመጣ ሰው ሌላም ነገር አለ። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ሄርዝ ሲሆን የእኛ 50 ሄርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ከ220 ወደ 110 ያወርዳል እንጂ ድግግሞሹን አይለውጥም። የማሽኑ ሰዓት የሚዞረው በድግግሞሹ ልክ ስለሆነ 3 ደቂቃ የነበረው ሙሊት 3.6 ደቂቃ ይፈጃል። በሰዓት የሚሞላ ማሽን እንግዲህ 20 በመቶ ተጨማሪ ውኃ ይወስዳል፤ በግፊት የሚሞላው ግን በተሰጠው ከፍታ ላይ ይቆማል።

አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ምን ያህል ያወጣል?

የ18 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የሚበቃውን ልብስ በ30 ሴንቲ ሜትር አጠብን እንበል። ልዩነቱ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 29 ሊትር ያህል ነው። ማሽኑ ለማለቅለቅም ያንኑ ከፍታ ስለሚሞላ ብክነቱ 58 ሊትር ይሆናል። ይህም ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሊሞላ ሁለት ሊትር ብቻ የቀረው ነው።

ውኃው የሞቀ ከሆነ ኪሣራው እጥፍ ነው። 29 ሊትር ውኃን ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ለማሞቅ፦

29 × 4.19 × 30 = 3,645 ኪሎ ጁል

ማለትም 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። 500 ዋት የሚስብ ሞተር ለ12 ደቂቃ ሲንጥ የሚፈጀው 0.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ያለ አስፈላጊነት የሞላነው ሙቅ ውኃ ብቻውን የሞተሩን ሥራ አሥር እጥፍ ኃይል በላ ማለት ነው።

የማሽኖቹ ታሪክ የተለወጠውም በዚሁ ስሌት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2007 የጠበቁት የኃይል ቁጠባ ደንቦች የሞተሩን ብቻ ሳይሆን ውኃውን ለማሞቅ የሚወጣውንም ኃይል ይቆጥሩ ነበር። አምራቾች ደንቡን ለማሟላት ውኃውን መቀነስ ነበረባቸው። ለአንድ እጥበት እስከ 150 ሊትር ድረስ ይፈጁ የነበሩት ማሽኖች ቦታቸውን ራሳቸው ልብሱን ገምተው ውኃ ለሚወስኑ ማሽኖች እየለቀቁ ሄዱ።

የማለቅለቅ ሒሳብ

ልብስ በእጅ የሚያጥቡ እናቶቻችን በአንድ ትልቅ በርሜል አንድ ጊዜ ከማለቅለቅ ይልቅ በሳፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ውኃ እየለወጡ ያለቀልቃሉ። ልማዱ ትክክል መሆኑን ሒሳብ ያረጋግጣል።

ልብሱ ከተጨመቀ በኋላ 3 ሊትር የሳሙና ውኃ በውስጡ ቀረ እንበል። 68 ሊትር ንጹሕ ውኃ በአንድ ጊዜ ብንጨምር ብጥብጡ ወደ 3/71፣ ማለትም ወደ 4.2 በመቶ ይቀጥናል። ያንኑ 68 ሊትር ለሁለት ከፍለን፣ በመካከሉም ጨምቀን ብናለቀልቅ፣ የሚቀረው 3/37 በ3/37 ተባዝቶ 0.66 በመቶ ነው። ውኃው ሳይጨምር የቀረው ሳሙና ከስድስት እጥፍ በላይ ቀነሰ። በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ በጥቂት በጥቂቱ ደጋግሞ ማጠብ የሚመከረው ለዚሁ ነው።

ታዲያ የድሮው ማሽን ለምን አንድ ጊዜ በብዙ ውኃ ያለቀልቃል? ምክንያቱን ቀደም ብለን አይተነዋል። ገንዳውን የሞላ ልብስ በግማሽ ውኃ አይገላበጥም፤ ያልተገላበጠ ልብስ ደግሞ በእኩል አይለቀለቅም። ስለዚህ ሒሳቡ የሚሠራው ልብሱ አነስ ሲል ነው።

መለኪያው ሲበላሽ

የግፊት ማብሪያ ቀላል ስለሆነ የሚበላሽባቸው መንገዶችም ጥቂት ናቸው። ቱቦው ከተነቀለ ወይም ከተሰነጠቀ አየሩ ያመልጣል፤ ግፊት ስለማይፈጠር ማሽኑ ገንዳው እስኪፈስ ይሞላል። ስንጥቁ ትንሽ ከሆነ ማሽኑ በትክክል ሞልቶ ይጀምራል፤ አየሩ ቀስ በቀስ ሲያመልጥ ግን ውኃው የጎደለ መስሎት በመሃል እንደገና ይሞላል። የአየር ክፍሉ አፍ በሳሙና ዝቃጭ ከተደፈነ ደግሞ ማብሪያው የድሮ ግፊት ይዞ ይቀርና ማሽኑ ገንዳው ባዶ ሳለ የሞላ ሊመስለው ይችላል።

ውኃው አልቆም ሲል አንድ ምርመራ ጥፋቱን ይለያል። በመጀመሪያ እጃችን ደረቅ መሆኑን፣ ወለሉም አለመርጠቡን አረጋግጠን ሶኬቱን እንንቀል። ቫልቩ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ውኃው ከቆመ ጥፋቱ ከግፊት ማብሪያው፣ ከቱቦው ወይም ከኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎም የሚፈስ ከሆነ ቫልቩ ራሱ አልዘጋም፤ ቧንቧውን መዝጋት ይገባል። ወለሉ ከረጠበ ግን ሶኬቱን ሳንነካ ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው ዘንድ እናጥፋ።

ማሽኑ ጤነኛ ሆኖም የማይሞላበት ሁኔታ አለ። የፍሳሽ ጎማው ጫፍ ከገንዳው የውኃ ከፍታ በታች ወለል ላይ ከተጣለ ውኃው በሲፎን ኃይል እየወጣ ቫልቩ እየሞላ ይቀጥላል። መድኃኒቱ ጎማውን ከውኃው ከፍታ በላይ ሰቅሎ ማሰር ብቻ ነው።

ቤተ ሙከራ በባልዲ

አንባብያን የማሽኑን መለኪያ በትምህርት ቤታቸው ሊሠሩት ይችላሉ። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ብርሃን አስተላላፊ ቀጭን ቱቦ እናዘጋጅ። አንዱን ጫፍ በማንቆርቆሪያ ቀዳዳ ላይ አጥብቀን እንሰር። የቀረውን ወገን እንደ ዩ ቅርጽ አጥፈን በሰሌዳ ላይ እናጣብቅና ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ እናፍስበት፤ ክፍት የሆነው ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። አሁን ማንቆርቆሪያውን አፉን ወደ ታች አድርገን ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ቀስ እያልን እናስምጥ። በየ5 ሴንቲ ሜትሩ በቱቦው ሁለት ክንዶች መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት እንመዝግብ። ውጤቱን በግራፍ ብናሰፍረው ቀጥተኛ መስመር እናገኛለን። ከዚያ ቱቦውን በመርፌ ወግተን ሙከራውን ብንደግም የተሰነጠቀ ቱቦ ያለው ማሽን ቤትን ለምን እንደሚያጥለቀልቅ በዓይናችን እናያለን።

ማጠቃለያ

የድሮው ማሽን ትክክለኛውን ከፍታ አይመርጥም፤ የተመረጠለትን ከፍታ በታማኝነት ይጠብቃል እንጂ። ጥልቀትን በሚሊ ሜትር ልዩነት ይለካል፤ ልብሱን ግን አያይም። ስለዚህ ማዞሪያውን ከመንካታችን በፊት ልብሱን ሳንጠቀጥቅ እንጨምር፤ ከጨመርን በኋላ ይገላበጥ እንደ ሆነ እንይ፤ ከተገላበጠ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገን በሚቀጥለው እጥበት እንሞክር። በታችኛውም ደረጃ ከተገላበጠ ትርፉ የእኛ ነው። ይህ ምክር ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን ላላቸውም፣ በሳፋ ለሚያጥቡም ይሠራል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የገንዳው ዲያሜትር 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የ1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ስንት ሊትር ይይዛል?
2. የግፊት ማብሪያው በ1,960 ፓስካል ቢገለበጥ ውኃው በየትኛው ጥልቀት ይቆማል?
3. 68 ሊትሩን ለሦስት እኩል ከፍለን ብናለቀልቅ ስንት በመቶ ሳሙና ይቀራል? ከሁለት ጊዜ ማለቅለቅ ጋር አነጻጽሩ፤ ልብሱ በዚያ ውኃ ይገላበጥ እንደ ሆነም ተወያዩ።